ከሾላው በላይ

ቀራንዮ፣ ማክሰኞ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምሥራቅ፣

ቀዩ ምልክት ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሾፌራችሁ ሁንዴ ትናንት መኪናችሁን ሊያስጠግን ሲመጣ፣ እሑድ ያነሳውን ፎቶ በስልኩ አሳየን። ምልክቱን ከቀባሁበት ድንጋይ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው።

ስልክሽ ስለማይሠራ ነው የምጽፈው። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሳምንት ሆነው፤ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄደው ሚኒባስ ጎርፉን ፈርቶ ፌርማታው ሳይደርስ ያወርደናል።

እናትሽ ፎቶውን አይታ «ልጄ የምታድረው የት ነው?» አለችው። ሁንዴ ሰማያዊውን ድንኳን አሳያት።

«ከሾላው በታች?»

«ኧረ እትዬ ጥሩ፣ አይስጉ! ‹የአባቴ ምልክት ነው፣ ውሃው ከዚህ አያልፍም› ብላ ራሷ ናት ያስተከለችው» ብሎ ሳቀ።

እናትሽ አልሳቀችም።

ስለ ምልክቱ ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት ለዚያ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ቦታውን ሳጠና፣ ወንዙ የተመዘገበ ልኬት አልነበረውም። እንደ አሠራራችን የአገሩን ሽማግሌዎች ዳሩ ላይ አቁሜ፣ ውሃው እስከ የት ሞልቶ እንደሚያውቅ ጠየቅኩ። አንዲት አሮጊት ዱላቸውን ወደ ሾላው ቀሰሩ። «ላማችን የተገኘችው እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅላ ነው» አሉ።

ነፍሱን ይማርና አጎትሽ ፈቀደ ሳቀባቸው። «እርስዎ ደግሞ! ላሟ ወፍ ነበረች?» ከዚያ ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «እስከዚህ ነው። ሾላው ድረስ ብለህ ከጻፍክ የማሽን ቤቱን ወደ ላይ ያወጡታል። ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ካጠረ ደግሞ ኃይሉ አይበቃም ብለው መብራቱን ለሌላ ቀበሌ ይሰጡታል። አንተ የእኛ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

የቀለሙን ቆርቆሮ የያዘልኝ እሱ ነው፤ የቀባሁት ግን እኔ ነኝ። የአሮጊቷን ቃል ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባሁም። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም።

አንቺ ለኮሚቴው የመጨረሻውን ልኬት ልትወስጂ ስትሄጂ፣ ይህን ልነግርሽ እስከ በሩ ሸኝቼሽ ነበር። «ጃንጥላ ያዢ» ብዬሽ ተመለስኩ።

ይህ እንደደረሰሽ ሠራተኞቹን ይዘሽ ከሾላው በላይ ውጪ። ዕቃውን ተዪው። የሚዘንበው ተራራው ላይ ስለሆነ አንቺ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ይሆናል፤ እሱን አትመኚ።

እናትሽ ሹራብ ልካልሻለች። ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም።

መድኃኔዓለም እግርሽን ከፍ ባለ መሬት ላይ ያቁምልሽ።

አባትሽ
ሀብተሥላሴ

ኮሚቴው ቦታውን የሚያጸድቀው ወይም የሚጥለው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። የአሮጊቷን ቃል ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ እገኛለሁ። ሁንዴ ይህን ደብዳቤ ይዞ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ መንገዱ ካልተቆረጠ አንቺ ጋ የሚደርሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው።