ነጠላ ማዘቅዘቅ ያስተማርኩት ልጄ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ካሳሁን። ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ ከደብረ ታቦር ብርድ ጋር ታረቀ ወይ? የእትዬ ንግሥት ዓይንስ ተሻላቸው? ገብሱን ዘንድሮ ዝናቡ አልጎዳባችሁም? እኔና ባለቤቴ ታዴዎስ፣ ልጃችን አርሴማም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ማለቴ እንግዲህ ልጁን የቀበረ ሰው ደህና ነኝ እንደሚለው ነው።

በስልክ ያሉኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። የልጄ የፍቅረማርያም ሙት ዓመት በጥር በእናታችን ደብር እንዲወጣለት ለምኜዎት ነበር። እርስዎም፣ የሠራበትን ፊልም አገሩ ሁሉ በስልክ እየተቀባበለ ስላየው ሽማግሌዎቹ እንቢ እንዳሉ ነገሩኝ። "ልጄ እንዲያ አልነበረም፤ ለገንዘብ ብሎ ነው፤ ሳይሞት ተጸጽቷል ብለሽ በእጅሽ ጻፊ፤ አነብላቸዋለሁ" አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት።

አልነበረም የሚለው እውነት ነው። ከፋሲካ በኋላ እጮኛውን ቃልኪዳንን ሊያገባ ነበር፤ ቀለበቱንም አሳይቶኛል። የቀረውን ግን አልጽፍም፣ ጋሼ፤ ውሸት ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ መጣና፣ "እማዬ፣ ሐዘንተኛ ነጠላውን እንዴት ነው የሚያዘቀዝቀው?" አለኝ። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። "ማንም፤ ለፊልም ነው" አለኝ። ነጠላዬን አውርጄ አለበስኩት። እሱ ጥለቱን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ እኔ እጁን ቸብ አደርገዋለሁ። "ጥለቱ ወደ ላይ! ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?" ብዬው ሁለታችንም ሳቅን። እስኪለምደው ድረስ ሳሎኑ ውስጥ አመላለስኩት።

ምን ሆኖ እንደሚሠራ የሰማሁት ኋላ፣ ከሰው አፍ ነው። ወንድ የሚወድ ወንድ ሆኖ ነው። ጓደኛው ሞቶበት፣ ለቅሶ ቤቱ አያስገቡኝም ብሎ በር ላይ የቀረ ሰው። ጠርቼ ጮህኩበት። "ሌላ የሚሠራው ሰው ጠፍቶ ነው?" አልኩት። "አልጠፋም፣ እማዬ። እንዲያ የሆነ ልጅ ሊሠራው ነበረ፤ በችሎታም ከእኔ ይበልጥ ነበር። ቤተሰቤ ካየኝ በሩን ይዘጋብኛል ብሎ ፈርቶ ተወው። እኔ በር የሚዘጋብኝ የለም ብዬ ገባሁበት" አለኝ። እኔ ግን ዘጋሁበት። አንድ ወር ስልኩን አላነሳሁም። ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ካለች ትንሽ ሲኒማ ቤት ፊልሙ ሲታይ ሁለት ትኬት ፍሪጅ ላይ ለጥፎልን ሄደ፤ አልሄድንም። ለገና መጥቶ ጉልበቴን ሳመ፤ አብረን በላን፤ ስለ ፊልሙ ግን ሁለታችንም አላነሳንም። በዐሥረኛው ቀን ወደ ዌርሃውሱ፣ ወደ ዕቃ መጋዘኑ፣ ለሥራ ሲሄድ ሀይዌይ ላይ በረዶ መኪናውን አንሸራተተው።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ያገራችን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከደጃችን ቆመ። ብርዱ ፊት ይልጣል። ታዴዎስ ግባ ቢለው "እዚህ ይበቃኛል" አለው። እኔ ወጣሁ። ስሙን ነግሮኛል፤ ለእርስዎም ቢሆን አልጽፈውም። "የእኔ ሰው ሲሞት ቤቱ መግባት አልቻልኩም። ፓርኪንግ ቆሜ ነው ያለቀስኩት። እንዴት እንደቆምኩ ለልጅዎ ማን ነገረው?" አለኝ። እጁን ይዤ አስገባሁት፤ ከጎኔም አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረች ሴት ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ትቀመጥ።

ያን ዕለት ለቀስተኛው ሲሄድ አርሴማን ፊልሙን ክፈችልኝ አልኳት። "ማሚ፣ አር ዩ ሹር?" አለችኝ፤ ከፈተችልኝ። ጋሼ፣ ልጄ እዚያ አያለቅስም። ዝም ብሎ ቆሟል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱ ላይ ያለውን ጥለት በሁለት ጣቱ ያስተካክላል፤ ልክ እኔ ሰው ሲገባ እንደማደርገው። የራሱ ያልሆነውን ሐዘን ተሸክሞ እንደራሱ አድርጎ አቆመው። ስንቱ ሰው የራሱን እንኳን እንዲያ አድርጎ መሸከም ያቅተዋል! ኮራሁበት። ይህን በቁሙ ሳልነግረው ቀረሁ።

ስለዚህ ተጸጽቷል ብዬ አልጽፍም። የተጸጸትኩት እኔ ነኝ፤ ከፈለጉ ይህንን ያንብቡላቸው። ሙት ዓመቱን እንቢ ካሉም እዚህ እናወጣለታለን።

እትዬ ንግሥትን ዓይናቸውን ሳሙልኝ። ወልደየሱስን ትምህርቱን እንዲበረታ ንገሩልኝ። ሰናይትን ከነሕፃኗ ሰላም በሉልኝ። ታዴዎስና አርሴማ እጅ ነሥተዋል። ሽማግሌዎቹ እሺ ካሉና ድግሱ ከወጣ አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከደጅ የቆመ ሰው ካዩ፣ ማነህ ሳይሉ ግባ ይበሉት።

እህትዎ ማንያህልሻል
ፒከሪንግተን፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.