ኖርዌይ ስትገባ ነጭ ሽንኩርታችን ስለወጣበት መጋዘን

ለክቡር የንግድ ማስፋፊያ ሥልጠና አስተባባሪ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሦስት ቀን ሙሉ ከድምፅ ማጉያ ጋር የታገለው ጉሮሮዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከዝናቡ በቀር ደህና ነን።

አምና በንግድ ሥራ አመራር ተመርቄ፣ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር የኮላ ድባን ነጭ ሽንኩርት ለጎንደር ሆቴሎች ለማቅረብ የተደራጀሁ የቁስቋም ልጅ ነኝ። «ከስዊድንና ከኖርዌይ ንግድ ምን እንማራለን?» በተባለው ሥልጠናዎ ላይ ከፊት ተቀምጬ ማስታወሻ ስይዝ የነበርኩትም እኔው ነኝ። ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ አዳራሹ አመሰግናለሁ። አዳራሽ ያሉት የገበሬዎቹ መጋዘን መሆኑን ሽታው ሳይነግርዎት አይቀርም። የኖርዌይ ዓሣ በስላይድ ይታይ ዘንድ የገበሬው የአያ ዳኛው ነጭ ሽንኩርት ሠላሳ ጆንያ ወደ ደጅ ወጣ፤ በሁለተኛው ቀን፣ ዓሣው ሳይበላሽ ስዊድን ስለሚያደርሱት ማቀዝቀዣ መኪኖች ሲያስረዱን፣ የሚያዝያ ዝናብ ወረደበት። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ድምፅዎን ከፍ ማድረግዎን ሁላችንም አድንቀናል።

አያ ዳኛው ሽንኩርታቸውን እንደነቀሉ በርካሽ ሊሸጡት ነበር። ይቆዩ፣ መጋዘን ይግባ፣ ደህና ገዢ አመጣለሁ ብዬ ያስቆየኋቸው እኔ ነኝ። ገዢው ተገኝቷል፤ ሰኞ ይመጣል። የረጠበውን አብረን ስንለይ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እነዚያ ሁለት አገሮች ስብሰባ ሲቀመጡ ዓሣውን የት ያወጡታል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ማስታወሻዬን አገላበጥኩ፤ የለም።

፪ኛ. ስለ ድንበሩ ትምህርት አመሰግናለሁ። በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ የአንዱ ጉምሩክ ለሌላውም ስለሚሠራ የጭነት መኪናው አንዴ ብቻ ቆሞ እንደሚያልፍ ሲነግሩን፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ዘሎ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ወንበሮችዎ መጋዘኑ ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለቀሩ፣ ሽንኩርቱን መልሼ ላስገባ ቁልፉን ልጠይቅ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ንግድ ክፍሉ ሽንኩርት የግብርና ነው አለኝ፤ ግብርና ክፍሉ ወንበር የንግድ ነው አለኝ። በር ለበር ናቸው፤ መሐላቸው ሰባት እርምጃ ነው፣ አራት ቀን ስመላለስ ለክቼዋለሁ። ቁልፉ በኪስዎ ሆኖ ለሌላ ሥልጠና ባሕር ዳር መውረዱን በመጨረሻ የነገሩኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ እናኑ ናቸው።

፫ኛ. ሦስተኛውን ትቼዋለሁ፤ ደመናው እየከበደ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስዊድንን አይደለም፣ ቁልፉን። ከሠላሳው ጆንያ አሥራ ዘጠኙ ደህና ናቸው። እስከ ሰኞ ጣሪያ ካገኙ ገዢው ይወስዳቸዋል፤ እኔም አያ ዳኛውን ቀና ብዬ አያቸዋለሁ።

ከሰሜን አውሮፓ ተነሥቶ ኮላ ድባ መጋዘን በር ድረስ የዘለቀውን ዕውቀትዎን ከልብ የማከብር፣ የምስክር ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ የሰቀልሁ ትሑት ሠልጣኝዎ፣

ፍቅርተማርያም ባምላክ
ከጎንደር፣ ቁስቋም

ማሳሰቢያ፦ የሥልጠናው ባነር ጠፋ ብለው እንዳይጨነቁ። ፎቶዎ ያለበት ያ ስድስት ሜትር ላስቲክ አሥራ ዘጠኙን ጆንያ አልብሷል፤ ጠብታ አያሳልፍም። ከሥልጠናው ሁሉ ሥራ ላይ የዋለው እሱ ስለሆነ ቁልፉን ይዘው ሲመጡ ይረከቡታል። እስከዚያው ፎቶዎን ወደ ሰማይ አዙረነዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እርስዎን ነው።