ውኃን የማሸሽ ችሎታዬን በሚመለከት

ደምበል፣ ሚያዝያ 1982 ዓ.ም.

ለጓድ ካሳሁን አድማሱ
የሰሜን ቆላ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅጅጋ

ግልባጭ፦ ለጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለመናኸሪያው ሻይ ቤት ግድግዳና ማንበብ ለሚችል ሁሉ

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በጠረጴዛዎ ላይ በዳንቴል ተከድኖ የሚቀመጠው የውኃ ጆግ እንደምን ሰንብታችኋል? ጉሮሮዎ ሳይደርቅ፣ ድምፅዎ ሳይሰልል፣ በየስብሰባው እንደ ልማድዎ ረጅም ንግግር ለማድረግ ያብቃዎ እላለሁ። በሥርዎ የማገለግል የውኃ መሐንዲስ እኔ ለተሥላሴ ተክለማርያም፣ ከጥማት በስተቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ «ለቁፋሮው መሳካት ሲባል» ከደምበል ተነሥቼ አዲስ አበባ በሚገኝ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን እንድመደብ የፈረሙበት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የደረሰኝ፣ የአገሩ ሰው ጉ የሚለው ዝናብ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ከደምበል ሴቶች ጋር የምሠራውም ብርካ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው ስለማያውቁ ልንገርዎ፤ ብርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚታነጽ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ናፍጣ አይጠይቅም፤ መለዋወጫም አያስፈልገውም። የቀረው ጎርፉ ከመግባቱ በፊት ጭቃውን የሚያስቀርለት የደለል ማቆሚያ ብቻ ነው። እሱ ሳያልቅ ዝናቡ ከቀደመን ብርካው የሚሞላው ጭቃ ነው፤ የደምበል ሰውም ሌላ ዓመት የቦቴ መኪና መንገድ ሲያይ ይከርማል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ጉ እስኪገባ ድረስ ከዚህ እንዳያነሡኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ እስካሁን የዋሉልኝን ውለታ በተራ ላንሣ።

፩ኛ. በካራማራ መንገድ ዳር የተቃጠሉት ታንኮች ገና ሳይነሡ፣ በ1971 ዓ.ም. ዲግሪዬን ይዤ ጅጅጋ ስደርስ፣ የቁፋሮ ፎርማኑ አቶ ተሻለ፣ ሴት በጉድጓድ አፍ ላይ ከቆመች ውኃው ይሸሻል ብለው አስጠነቀቁ። ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የአገሩን ሰው ጠያይቄ ሰማሁ የሚል አላገኘሁም። እርስዎ ግን በሳይንሳዊ አመለካከትዎ የታወቁ ስለሆኑ ነገሩን እንዲሁ አላለፉትም፤ ስብሰባ ጠሩ። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ መጻሕፍቱን ሁሉ አገላብጠው «ውኃ ከሴት አይሸሽም» የሚል አንቀጽ ስላጡ፣ ጥንቃቄ አይከፋም ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። እኔም ከግራር ሥር ቆሜ በድምፅ ማጉያ ቁፋሮ መምራት ጀመርኩ። ጉድጓዱ ደረቅ ሆነ። እኔ ያመለከትኩት የደረቁን ወንዝ ዳር ነበር፤ የተቆፈረው ግን ከበላይ አካል የሚመጡ እንግዶች ከላንድሮቨራቸው ሳይወርዱ እንዲጎበኙት ተብሎ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ሪፖርቱ ይህን ሁሉ ትቶ፣ መሐንዲሷ ቀርባ በመቆሟ ውኃው ሳይገኝ ቀርቷል ይላል። ስለ አጻጻፉ ጥራት አመሰግናለሁ።

፪ኛ. በሚቀጥለው ቁፋሮ ከኮረብታው ጀርባ እንድሆን ተደረገ። ድምፅ ማጉያው እዚያ ድረስ ስለማያደርስ፣ በርቱ ለማለት ነጭ፣ አቁሙ ለማለት ቀይ ጨርቅ እንዳውለበልብ ታዘዝኩ። ቀዩን ጨርቅ ያዩት ቆፋሪዎቹ ሳይሆኑ በካራማራ በር የሚጠብቁት ወታደሮች ነበሩ። ለማን ምልክት እንደምሰጥ ሲመረምሩኝ ዋሉ፤ ለጉድጓድ ነው ብል ማን ይመነኝ? እርስዎ ግን ሥራዎን ጥለው መጥተው፣ ጠላት አለመሆኔንና ውኃ ከማሸሽ በቀር ሌላ ጥፋት እንደሌለብኝ መስክረው አስለቀቁኝ። የሻምበሉ ፊት ላይ ያየሁት ሐዘኔታ ለእኔ ይሁን ለእርስዎ አሁንም ግራ ይገባኛል። ያም ጉድጓድ ደረቅ ሆነ።

፫ኛ. ተራው የደምበል ሲሆን እኔ ራቅ ወዳለው ኤረር ተላክሁ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ናሙና ሾፌሩ ዋርሳሜ በከረጢት ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔ እዳስሰውና እዚህ ውኃ የለም፣ ቦታ ቀይሩ ብዬ እልክበታለሁ። ምስኪኑ ዋርሳሜ መንገዱን ጨርሶ እስኪደርስ መቆፈሪያው ተሰብሮ ይቆየዋል። ይህኛው ጉድጓድ ሲደርቅ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት ምን ሊሉ ነው ብዬ። ስብሰባዎ ግን መቼ ይቸግረዋል! ናሙናው በመሐንዲሷ እጅ ተነክቶ ወደ ደምበል መመለሱ ለድርቀቱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ዋርሳሜ ይህን ሲሰማ ወላሂ ብሎ የያዘውን ከረጢት መሬት ላይ ጣለው። እኔ ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አለቀስኩ፤ የተማርኩት ለዚህ ነበር ወይ ብዬ።

፬ኛ. እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ካለኝ ዘንዳ መባከኑ ያሳዝነኛል። ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ የቀላፎን ሰው ዛፍ ላይ ሲያወጣ፣ እኔን ወስዶ ወንዙ ዳር ማቆም እንዴት ሳይታሰብ ቀረ? የጽሕፈት ቤታችን ጣሪያ ሲያፈስስ እርስዎ ከነወንበርዎ ከጥግ ወደ ጥግ ሲዘዋወሩ፣ አንዴ ጠርተው ከኮርኒሱ ሥር ቢያስቀምጡኝ ምን ነበረበት? እንደ ተራ መሐንዲስ ደመወዝ እየተከፈለኝ የውኃ ማባረሪያ መሣሪያ ሆኜ ማገልገል እችል ነበር።

ጓድ ኃላፊ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፤ ይኼኛው አልቀልድበትም።

ቆፋሪዎቹ ደረቁን ጉድጓድ ትተው ሲሄዱ ወደ ደምበል መጣሁ፤ ያኔ የሚያርቀኝ አልነበረም። ዐናብ የምትባል ሴት አገኘሁ። ባለፈው ድርቅ ፍየሎቿ አልቀውባታል፤ ልጇን አዝላ ውኃ ፍለጋ ሄዳ፣ ልጇን ሳትይዝ የተመለሰች ናት። ስለ ራሴ ችሎታ ሳልደብቅ ነገርኳት። ለመሆኑ የእናንተ ውኃ እግር አለው እንዴ ብላ ጠየቀችኝና፣ መልሴን ሳትጠብቅ አካፋ አቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ድንጋይ በግመል እየጫኑ፣ ሲሚንቶ እያቦኩ፣ ወንዶቹንም እየተቆጡ እያመጡ፣ ብርካውን እዚህ አድርሰነዋል። ሙያዬ ሙያ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቤ ጭቃ ገብቼ ነው። ዐናብ የፈለገችው የሚጠጣ ውኃ ነው፤ የእኔ ሴትነት አላስጨነቃትም። እርስዎ ግን የደለሉ ማቆሚያ ሊያልቅ ሲል መጋዘን ግቢ ይሉኛል። ተናድጃለሁ፣ ጓድ ካሳሁን። በትሕትና ነው የተናደድኩት፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ።

ስለዚህ ከዚህ በላይ በአክብሮት የጠየቅሁትን ይፍቀዱልኝ። ባይፈቅዱልኝም መልስዎ በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት በኩል ስለሚመጣ፣ እስኪደርሰኝ ድረስ ብርካው ማለቁ አይቀርም፤ ለዚህም የመዝገብ ቤቱን ሠራተኞች ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ከጉድጓድ አፍ በታዘዝኩት መጠን ርቄ፣ ከጭቃ ግን መራቅ አቅቶኝ፣ ለአመራርዎ ያለኝን ልክ የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣

ታዛዥዎ
ለተሥላሴ ተክለማርያም
የውኃ መሐንዲስ፣ በተጓዳኝም የውኃ አባራሪ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳላሽግ ዝናቡ ቀደመኝ። የደለል ማቆሚያውን የመጨረሻ ድንጋይ ዐናብና እኔ ያስቀመጥነው ጎርፉ ቁልቁል ሲመጣ እያየን ነው፤ ውኃው በእግሮቼ መካከል አልፎ ብርካው ውስጥ ገባ፤ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። ብርካው ሞልቷል፤ ከደለሉም ጠርቷል። በዚያው ሰሞን ዋርሳሜ ከጅጅጋ መጥቶ፣ ዓመት ከዓመት የማይነጥፈው የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጉድጓድ መንጠፉን ነገረኝ። እኔ ደምበል ስለነበርኩ የለሁበትም። የዛፉ ጥላ ስለሚስማማዎ ወንበርዎን አስወጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው የሰነበቱት ግን እርስዎ ነዎት አሉ። ስለ ጉድጓዱ ሲባል ለጊዜው እስከ ካራማራ ማዶ ራቅ ቢሉ መልካም ነው። ጥማቱ ከጠናብዎ ወደ ደምበል ይምጡ፤ እዚህ ውኃ ለእንግዳ አይከለከልም፤ ዐናብ እንዳለችው ግን ተራዎ ከፍየሎቹ በኋላ ነው።