ሳንባዬና አንገቴ የተዋወቁበት ቀን

ለተከበሩ የአውራጃችን ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ደቡብ አፍሪካ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም መላ አካልዎ በአንድ ሐኪም ዘንድ የሚታወቅ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፉምላ ጃቩ፣ የሁለተኛ ክፍል መምህርት፣ በሆስፒታልዎ ለተደረገልኝ የሦስት ዓመት መስተንግዶ በአደባባይ ማመስገን ግድ ሆኖብኛል።

1. ስሳል መጥቼ፣ አክታዬ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም ሳይገኝበት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ስላስዋጣችሁኝ፣ ስላልተሻለኝም ያንኑ ስድስት ወር ስለደገማችሁልኝ አመሰግናለሁ። በኋላ ከሳንባዬ ናሙና ተወስዶ ሕመሜ ሳርኮይዶሲስ መሆኑ፣ ማለትም የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ሳንባዬ ውስጥ እባጭ እየሠራ መሆኑ ሲታወቅ፣ ይቅርታ በመጠየቅ ጊዜዬን አላባከናችሁም።

2. ሳሉ በረድ ሲልልኝ፣ በበጋ ሐሩር ካፖርት የምደርብ፣ ፊቴ ያበጠ፣ ፀጉሬ የሚረግፍ ሴት ሆንኩ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ድምፅሽ እኮ የአባቴን መሰለ!» እያሉ ሳቁብኝ። የማክሰኞው የሳንባ ክፍል «ይሄ የአንገት ጉዳይ ነው» አለኝ፤ የሐሙሱ የአንገት ክፍል «መጀመሪያ ሳንባሽን ጨርሺ» አለኝ። በሮቹ ፊት ለፊት ናቸው። ዘጠኝ ወር በመካከላቸው ስላንሸራሸራችሁኝ እግሬ ጠንክሯል።

3. ሲስተር ኖዚዝዌ የምትባል ነርሳችሁ ግን ሥርዓት ጣሰች። ሁለቱን ፋይሎቼን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ «እማማ ፉምላ፣ እነዚህ እኮ ዘመዳሞች ናቸው! ደምዎን ዛሬውኑ እናስመርምር» አለችኝ። ያው መከላከያዬ አንገቴ ላይ ያለውን የእንቅርት ዕጢዬንም ሲወጋ ተገኘ፤ ብርዱም፣ የፊቴ እብጠትም፣ የድምፄ መጎርነንም ከዚያ ነበር። ሳርኮይዶሲስ ያለበት ሰው፣ ይልቁንም ሴት፣ ይህ ከሌላው በበለጠ እንደሚያጋጥመው፣ ምክንያቱ ግን ገና በውል እንዳልታወቀ አስረዳችኝ። በቀን አንድ ፍሬ ኪኒን ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ወር ከልጆቹ ጋር ዘመርኩ።

ለዚህ ውለታዋ «ፋይል ያለ ፈቃድ ከክፍል ወደ ክፍል በማዘዋወር» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣችኋት አሉ። ያለ ፈቃድ ከሳንባዬ ወደ አንገቴ የተዘዋወረው ሕመሜ ግን እስካሁን ምንም ማስጠንቀቂያ አልደረሰውም። ቀልዱን ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ማስጠንቀቂያውን ያንሱላት። ያቺ ሴት ድምፄን መልሳልኛለች።

በሁለቱ ፋይሎቼ ስም፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ፉምላ ጃቩ፣ የማክሰኞም የሐሙስም ታካሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ በአንገት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀምጣ ስትስል «የሳንባ ፋይል አለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አለኝ፣ እማማ፤ እዚህ አያስፈልግም አሉኝ እንጂ» አለችኝ። ከቢሮዎ እስከዚያ አግዳሚ ወንበር ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው። እኔ በዚያ ትንፋሼ ሄጄዋለሁና፣ ክቡርነትዎንም አያቅትዎትም።