የአሮጌዋ አውሮፕላን መዝገብ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን
ከአውሮፕላን ሙዚየሙ ሃንጋር

ይድረስ ለማትጨበጪው ፌንጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ «ኩራትህን ዋጥ አድርገህ ጻፍላት እንጂ!» እያለች መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችኝ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ነገ የጠፈር ክፍላችን ይከፈታል። የጠፈርተኛውን ልብስ ለማስቆም ሦስት ሰው ታገልን፤ አሁን ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በአምስት ዓመት ከየት የት እንደደረስን ብታዪ! ስንጀምር የነበረን አንዲት ሞተር የሌላት አሮጌ አውሮፕላንና የሚያፈስ ጣሪያ ነበር፤ ባልዲውን የምትደረድሪው አንቺ ነበርሽ። በሁለተኛው ዓመት የጭነት አውሮፕላን ሲመጣልን እኔ ጉደኛው ክንፉን ለክቼ የጭራውን ቁመት ረሳሁት፤ የበሩን አናት አፍርሰን አስገባነው። እስከ ዛሬ «ጭራው» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አምና መቶ ሺህኛዋ ጎብኚ ገባች፤ አንዲት ተማሪ። ስትስቅ አንቺን መሰለችኝና፣ መፍቻ ልፈልግ ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ። ብዙ ቆየሁ።

ትናንት ሥራ አስኪያጇ ጠራችኝ። የአሮጌዋን የጥገና መዝገብ መስታወት ውስጥ ልታስቀምጠው ነው። «መጨረሻው ገጽ ላይ ‹ከእንግዲህ አትበርም› ብለው ይፈርሙልን» አለችኝ። ታውቂኛለሽ፣ በየጠዋቱ ፈትሼ «ለበረራ ብቁ» ብዬ ስፈርምላት ነው የኖርኩት። ሞተር ለሌላት አውሮፕላን!

መዝገቡን ሳገላብጥ የገዛ ፊርማዬን በየገጹ አየሁት። በየቀኑ ለእሷ የሚፈርም እጅ፣ ለአንቺ አንድ ጊዜ መፈረም አቃተው። የበረራ ትምህርት ቤቱን የወላጅ ፈቃድ ስታመጪልኝ «ነገ፣ ነገ» እያልኩ አቆየሁሽ፤ አሥራ ስምንት ሲሞላሽ ራስሽ ፈርመሽ ሄድሽ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ። የአውሮፕላን ሆድ ዕቃ ስጠግን ስለኖርኩ፣ ምን ምን እንደሚበላሽ ስለማውቅ ፈራሁ። አንቺ ግን ያላመንኩሽ መሰለሽ፤ እኔም ፍርሃቴን ደበቅሁሽ። ይኸው በዓመት አንዲት ፖስትካርድ እየጠበቅሁ እኖራለሁ። ናፍቀሽኛል።

ያንን ቅጽ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ዛሬ ፈረምኩበት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ረዳት አብራሪ ከሆንሽ በኋላ ምንም እንደማይሠራልሽ አውቃለሁ። ግን ያዢልኝ።

የአሮጌዋን ገጽ አልፈረምኩም። «አብራሪ ሳታያት አትበርም አልልም» ብዬ ሥራ አስኪያጇን አስጠብቄያታለሁ። «የትኛዋ አብራሪ?» ስትለኝ፣ «ልጄ» አልኳት።

መነሳትሽም ማረፍሽም በሰላም ይሁን፤ ደመናው መንገድ ይልቀቅልሽ።

አባትሽ፣ ጭራው