ሲከፈል ገንዘብ፣ ሲመነዘር ብረት

ለክቡር ሙሴ ሮብሌ
የገንዘብ መመንዘሪያ ሱቅ ባለቤት
ጅቡቲ ከተማ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ማዳምና ልጆቹ፣ እንዲሁም ሀራሙስ ሰፈር ባለው ቤትዎ ቀን ከሌሊት የሚያጓራው የአየር ማቀዝቀዣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እናቴ ብቻ አርፋለች። ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፌ በሱቅዎ በር ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞችዎ የአገሬ የከባድ መኪና ሹፌሮች ስለሆኑ ወረፋ ሲጠብቁ እንዳይሰለቻቸው አስቤ ነው። እርስዎም ድሬዳዋ ያደጉ በመሆንዎ ልብስ ሲያሳጥቡኝ አማርኛዎ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር፤ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገሩት ደመወዝ ስጠይቅዎ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ለእናቴ አርባ ለመድረስ ስሰናበትዎ የቀረኝን ደመወዝ በላስቲክ ከረጢት ሙሉ የታይላንድ ሳንቲምና ባት የሚባለውን የዚያው አገር ያረጀ የወረቀት ገንዘብ ከፍለው ሸኝተውኛል። ከባንኮክ ሽርሽርዎ የተረፈውን ለእኔ ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል። ከፍራንክ እንደሚበልጥና በቀላሉ እንደሚመነዘርም በፈረንሳይኛ ስላስረዱኝ፣ ከእርስዎ የተሻለ መንዛሪ የት ይገኛል ብዬ ካርቲየ 2 ሰፈር ወዳለው ሱቅዎ ሄድኩ። በዚያ የገጠመኝም የሚከተለው ነው፦

፩. ገንዘብ ተቀባይዎ ሳፊያ፣ ሳንቲም ከአገሩ ከወጣ ብረት ነው፣ አንመነዝርም ብላ በትሕትና መለሰችልኝ። ሀራሙስ ላይ ገንዘብ የነበረው ካርቲየ 2 ሲደርስ ብረት ከሆነ፣ መንገድ ላይ ምን አድርጌው ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ።

፪. ወረቀቶቹን ወደ መብራት እያነሳች ካገላበጠች በኋላም፣ ሥዕላቸው የወጣው ንጉሥ ስላረፉ ሱቁ እንደማይቀበላቸው ነገረችኝ። እኛም አገር ንጉሡ ሲወርዱ ብሩ አብሮ ወርዷልና አልተከራከርኩም፤ ነፍስ ይማር ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ንጉሡ ያረፉት አምና፣ እርስዎ የከፈሉኝ ደግሞ ባለፈው ሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ።

፫. ሳፊያ ደግ ልጅ ናት። ተከትላኝ ወጥታ፣ ይህን በደመወዝ ስም የሰጠሽ ሰው አጭበርብሮሻል፣ ስሙን ንገሪኝ፣ የሱቁ ባለቤት ትልቅ ሰው ስለሆነ ይከራከርልሻል አለችኝ። የእንጀራ ገመዷን እንዳልበጥስባት ብዬ ስምዎን ዋጥ አደረግሁት።

እናቴ ስትቀበር አልነበርኩም፤ ያን ሰሞን ቤትዎ እንግዳ ስለነበር ፈቃድ አልተገኘም። አርባዋ ቅዳሜ ነው። የድሬዳዋው አውቶቡስ ደግሞ በባት አያሳፍርም። ይህም ካመለጠኝ ልቤ አይችለውም። ስለዚህ ሁለቱ ሙሴ ሮብሌዎች፣ የከፈሉኝና የማይመነዝሩልኝ፣ እርስ በርስ ተመካክረው እስከ ሐሙስ አንድ መልስ እንዲሰጡኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ቤትዎን ስጠርግ፣ ልጆችዎን ሳጥብ ኖሬ አሁን ደግሞ ሳንቲምዎን ተሸክሜ የምዞር፣ ለውለታዎ ቃል ያጠረኝ፣

ፀዳል አምባው
ኅዳር 2010 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ከቅዳሜ በኋላ ቢያስቡልኝ አይድከሙ፤ የምደርስበት አርባ ስለማይኖር ከረጢቱን እንዳለ እመልስልዎታለሁ። በእኔ ምትክ ለቀጠሯት ለሰብሊ ግን በዚያ እንዳይከፍሏት አደራ። ይህን ደብዳቤ በእርስዎ ወረቀትና በእርስዎ እስክሪብቶ በንጹሕ የገለበጠችልኝ እርሷ ናት።