ኩባያና ጣሳ

ለውድ ልጄ፤ ሰላምታዬ ካለሽበት በጤና ያግኝሽ። እኔና እናትሽ ደህና ነን። ድንቡሼ ልጅሽም ሁለት ጥርስ አብቅላለች፤ በደንብ ትበላለች።

ለዘጠኝ ወር ክትባቷ ስንሄድ ነርሷ ስለ ሕፃናት አእምሮ አጫወተችን። አንድ ድምፅ ሲደጋገም ሕፃን ይሰለቸዋል፤ ሲለወጥ ግን አእምሮው ይነቃና ዞር ይላል አለች። እኔም የመምህርነት አመሌ አልለቀቀኝምና ደብተር አሰመርኩ። ከጀርባዋ ተቀምጬ ኩባያውን በማንኪያ አሥር ጊዜ መታሁ፤ ከዚያ ጣሳውን። ዞረች። ደስ ብሎኝ በቀይ እስክሪብቶ "ትክክል" ብዬ ጻፍኩ።

እናትሽ ግን "ሰውዬ፣ አስኮረጅካት እኮ። መስኮቱ ከኋላህ ነው፤ የዞረችው ጥላህ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ አይታ ነው" አለችኝ።

መጋረጃውን ዘግቼ ስድስት ቀን ደጋገምኩት። ከዚያ ወዲህ ያለው ረድፍ ባዶ ነው። ምናልባት ማንኪያው ቀሎ ይሆናል። ነርሷ ማክሰኞ ትልቁ ሆስፒታል እንድንወስዳት ወረቀት ጽፋልናለች፤ ለወጉ ያህል ነው።

የእናትሽ ናፍቆት ይድረስሽ። ስትደውይ በቪዲዮ ይሁን፤ ብርሃን ያለበት ቦታም ተቀመጪ። ስትዘፍኚላት የምትስቀው አፍሽን እያየች ነው።

አባትሽ